«እኔን» ያለችው ሴትዮ

ፊልም ላይ ሰው ጠግቦ ሲበላ ያየ ካለ ይንገረኝ። እኔ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ በምትባለው ከተማችን፣ ሲኒማ ቤት ስገባና ስወጣ አንድም አክተር የቀረበለትን ጨርሶ ሲነሳ አላየሁም። ጠረጴዛው ሙሉ ነው፤ ሥጋው፣ ድንቹ፣ ዳቦው፣ ወይኑ ተደርድሯል። ባልየው አንዴ በሹካው ነካ ያደርጋል፣ ሚስትየው አንድ ክፉ ቃል ትናገራለች፣ እሱም ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል፣ በሩን ድርግም አድርጎ ይወጣል፣ አለቀ። ያ ሁሉ ምግብ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ያየሁት ደግሞ ብሶበት ሙሉውን የዶሮ ጥብስ ከነትሪው ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ያውም ልጆቹ እያዩት። ታላቅ ትወና ነው ተብሎ ተወራለት። እኔ ግን ቀሪውን ፊልም በሙሉ ያንን ግድግዳ ማን ጠረገው እያልኩ ነበር የማየው።

«ማሚ፣ ፊልም እኮ ነው» ትለኛለች ልጄ። ፊልም ቢሆንስ? ውሸት በትልቅ ስክሪን ሲታይ እውነት ይሆናል እንዴ? ሰው የማያውቀውን ቢዋሹት ይሁን ግዴለም። አብጠርጥሮ የሚያውቀውን ነገር ዓይኑ እያየ ሲዋሹት ነው የሚያንገበግበው።

እኔ ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው፤ በዚያ ሥራ ብዙ ዓመት አለፈኝ። እንግዲህ የፍቅር ፊልም ከሆነ ጎረምሳው መጨረሻ ላይ ኤርፖርት መሮጡ አይቀርም። ትኬት የለው፣ መታወቂያ የለው፣ ቀበቶ አይፈታ፣ ሰልፉን ጥሶ፣ በሰው ሻንጣ ላይ ዘሎ፣ ልጅቷ ልትሳፈር ስትል ጌቱ ላይ ይደርስባታል። ሴኪዩሪቲዎቹም ቆመው ያጨበጭቡለታል። እስቲ የኛ ኤርፖርት ይምጣና ይሞክራት። መጀመሪያ ነገር መሬት ላይ አስተኝተው ነው የሚይዙት። አምልጦ ቢያልፍ እንኳ ወደ ጌቱ የሚወስደውን ባቡር ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ ባቡሩ ውስጥ ብረት ጨብጦ፣ ከሕፃን ጋሪና ከበረዶ መንሸራተቻ ሻንጣ ጋር እየተጋፋ ነው የፍቅር ንግግሩን የሚያጠናው። እሱ እስኪደርስ ልጅቷ ቺካጎ ገብታ አርፋለች። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን በዚያ ሁሉ ጌት አንድ ዊልቸር አለመታየቱ ነው። ጉልበቱን እያመመው የሚጓዝ ሽማግሌ በፊልም ዓለም አልተፈጠረም፤ እሱ ካልተፈጠረ እኛ ገፊዎቹም የለንም።

የአገር ቤቱ ይሻላል እንዳትሉኝ ደግሞ። እዚያ ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሁሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ መኪና ተከራይቶ፣ የሰው ልጅ ሊያታልል የመጣ ቀጣፊ ነው። ከሺፍት ተመልሶ እግሩን በሞቀ ውሃ የሚዘፈዝፍ ዲያስፖራ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁለቱም ጋ የለሁበትም፤ እኔ በገዛ ትኬቴ ገብቼ ሌላ ሰው ሲኖር አይቼ እወጣለሁ።

ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ ላለኝ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ለልጄ ብዬ ነው። ማክሰኞ ትኬቱ ቅናሽ ነው፣ እኔም ዕረፍቴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን እንሄዳለን፤ እኔ፣ ልጄና ጋሼ።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ እዚህ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፤ ሲናገሩ አንድ ቃል አይውጡም። ስለ ፊልም ያላቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ አክተሩ አይሞትም። አክተር ማለት በሳቸው አነጋገር ፊልሙ ላይ የሚሠራ ሁሉ አይደለም፤ ዋናው፣ ጎበዙ፣ የምንደግፈው ሰው ነው። ልጅ ሳለን ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው። አሁን አሁን ግን ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ጠጋ ይሉኝና «አክተሩ የቱ ነው?» ይሉኛል። ሁሉም ክፉ ነው፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ስክሪኑ ይጠቁራል። ይሄ ፍጻሜ ነው? ሰውን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ነው እንጂ።

ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ቢበዛ ከሁለቱም እያቀላቀለች። ትንሽ ሳለች እንዲያ አልነበረችም፤ በአማርኛ እንደ ልቧ ትለፈልፍ ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ቤት ሞልተው ሳህን ይዤ ስዞር የጠረጴዛው ጠርዝ ጉልበቴን መታኝ። እሷ ከየት እንደመጣች ሳላያት ሮጣ ጉልበቴን እቅፍ አደረገችና «አንቺን! አንቺን!» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቷን ረገመቻት ተባለ፣ ይብላኝ አማቷ ለምትሆነው ተባለ፣ በየክርስትናው በየልደቱ የሚወራ ቀልድ ሆነ። ሳቁ ጣፍጦን ማናችንም ቁጭ አድርገን አላስረዳናትም። እንዲህ ያለ ነገር በየሐበሻው ቤት አለ።

አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ እኔው ጋ ትኖር ነበር። አምና በረዶው በበዛበት ሰሞን ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆስፒታል ገባች። ስልኩ ሲደወልልኝ አንድ አዛውንት ወደ ጌት እየገፋሁ ነበር፤ እሳቸውን አድርሼ እንዴት መኪናዬ ጋ እንደደረስኩ አላስታውስም። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ክፍሉ ገባሁ። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ክንዷ ላይ መርፌ፣ ፊቷ ወረቀት መስሏል። ያኔ እናት ምን ትላለች? የምትለውን አልኩ። «እኔን! እኔን ልጄ! እኔን!» አልኩ፤ አልጋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችኝ፤ ቃል በቃል ባልመልሰውም ትርጉሙ ይሄ ነው፦ «ማሚ፣ እባክሽ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳን ነገሩ ስለ አንቺ አይሁን።» ከዚያ ነርሷን እያየች ትንሽ ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ አለች። ነርሷ በትሕትና በሩን አሳየችኝ። ኮሪደር ላይ የብስኩትና የለስላሳ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለኔ ምን አልኩ እያልኩ ራሴን ጠየቅኩ። ስለ ሥራዬ አላወራሁ፣ ስለ ድካሜ አላወራሁ። አሳድጌ አሳድጌ እንደ ባዳ ከልጄ ክፍል ተባረርኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ድና ስትወጣ ከከተማው ማዶ ሊትልተን ሄዳ ቤት ተከራየች። ለሥራዬ ይቀርበኛል አለች፤ እሺ አልኩ። አልተጣላንም፤ ቢጣሉ ይሻላል አንዳንዴ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች፣ ስልክ ስደውል በጽሑፍ ትመልሳለች። የቀረችኝ ማክሰኞ ብቻ ናት። ማክሰኞም የምናወራው ስለ ፊልም ብቻ ነው፤ እኔ እናደዳለሁ፣ እሷ ፊልም እኮ ነው ትላለች፣ በዚሁ እንለያያለን። በቅርቡ ደግሞ ሲያትል ሥራ እንዳገኘችና ክረምት ላይ እንደምትሄድ ነገረችኝ። እንግዲህ ይቺን ነገር ሳልፈታት ከሄደችብኝ አውሮፕላን ሙሉ ቅያሜ ይዛ ነው የምትሄደው፤ እኔም ለምን እንደተቀየመችኝ ሳላውቅ ልሞት ነው። በያንዳንዱ ማክሰኞ ፖፕኮርኑን ታቅፌ የማስበው ይህንን ነበር።

ያ ፊልም የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ ልብ አንጠልጣይ ነው፣ ገዳዩ እስከ መጨረሻ አይታወቅም ይባላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሐበሻ ያለችበት ነው ተባለ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፣ ክራቫትም አድርገዋል። ሲኒማ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ሁለቴ ዞሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ግቢ ውስጥ ሀብታም አሮጊት አሉ፤ እሳቸውን የምትንከባከብ አንዲት የኛ ሴት አለች። ሴትየዋን የምትጫወተውን አላውቃትም፤ የትም ያደገች ትሁን፣ አማርኛዋ ግን የሠፈር አማርኛ ነው። ስልክ ይዛ ከእህቷ ጋር ስታወራ ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በመጨረሻ አንዲት ጉልበት የምታሽ፣ መድኃኒት የምትሰጥ፣ ሽማግሌ የምትደግፍ ሰው ስክሪን ላይ አየሁ። ልጄን ዞር ብዬ ሳያት እሷም በትኩረት እያየች ነበር።

አሮጊቷ ከደረጃ ወደቁ። ሴትየዋ ከኩሽና እየሮጠች መጣች፣ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። መሬት ላይ ስታያቸው ተንበርክካ፣ ጭንቅላታቸውን አቅፋ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብላ ጮኸች። እንዴት አድርጋ እንዳለችው! አንጀቴን በላችው፤ እኔም ሳላስበው ከንፈሬን መጠጥኩ። ወዲያው ዓይኔ ከሥር ወደሚጻፈው ትርጉም፣ ወደ ሰብታይትሉ፣ ወረደ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ይሄ ነው፦ «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገፋኋት።»

ሲኒማ ቤቱ በአንድ ድምፅ ትንፋሹን ሳበ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ወደ ባሏ ዞራ አላልኩህም አለችው። አላልኩህም! ከመጀመሪያው ጠርጥራታለቻ። ምን አይታባት ነው? ሾርባ ስታቀርብ አይታት ነው?

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ እኔም አላውቅም፤ ፖፕኮርኑ የጋሼ ክራቫት ላይ ተበተነ። «እንዲህ አላለችም» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። ከኋላ ተቀመጪ አሉኝ፣ ከጎን እሽሽ አሉኝ። ጋሼም አጠገቤ ብድግ ብለው፣ ክራቫታቸውን እያራገፉ፣ ይህች ሴት ትክክል ናት ብለው መሰከሩልኝ። የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ ባትሪ ይዛ መጣች። ልጄ ኮቴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። አፍራብኝ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

የቀረውን ፊልም ጥርሴን ነክሼ አየሁት። የጎረቤት ካሜራ ድምፅዋን ቀድቶታል። ፖሊሶቹ ደጋግመው ያስደምጧታል፣ አስተርጓሚ ተብዬውም ያንኑ ይደግማል፣ ሴትየዋ በካቴና ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ የገፋቸው የወንድማቸው ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ ለውርስ ብሎ። እሷን ፈቷት። ፈገግ ብላ አመስግና ወጣች! ማን ይቅርታ ጠየቃት? ማን ያ ቃል ምን ማለት እንደነበር አስረዳ? ማንም። ሰብታይትሉ እንደተጻፈ ቀረ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ሴትየዋ ያኔ ለምን እንደዋሸች ሳይገባው ወደ መኪናው ሄደ። ዴንቨርና ኦሮራ ብቻ እንኳ ስንት ሐበሻ አለ፤ አንዱን ታክሲ አስቁመው ቢጠይቁ በነፃ ይነግራቸው ነበር። ተዋናይዋ እኮ በትክክል ነው ያለችው። አጠገቧ ሆኖ የሰማት ሰው ግን አልነበረም።

ከፊልም በኋላ ሁልጊዜ ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ያለው በርገር ቤት እንቀመጣለን፤ ጋሼ ድንች ጥብስ ይወዳሉ። ያን ቀንም እዚያው ገባን። ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ነበረች፣ መስኮቱ በብርሃን ሞልቷል። ልጄ በሕዝብ መሃል ስላዋረድኳት ልትወቅሰኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኳት። እሷ ግን እንዲያ አላደረገችም። ታዲያ ሴትየዋ ምን ነበር ያለችው ብላ ጠየቀችኝ።

እኔን ነው ያለችው አልኳት። እሱንማ ሰምቻለሁ፣ ምን ማለት ነው አለች። እኔን ማለት እኔን ነዋ አልኩ። ልተርጉመው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። ኤርፖርት ዊልቸሩ ሲንገጫገጭ አሮጊቶቹን «እኔን» እላቸዋለሁ፤ ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁኝ ሶሪ ማለት ነው ብዬ አልፋለሁ። ለልጄም ሶሪ እንደማለት ነው አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ሶሪ ከሆነ ጥፋተኛ ናት ማለት ነዋ አለች። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የፊልሙ ሰዎች አንሰው ደግሞ የገዛ ልጄ!

ያኔ ጋሼ የድንቹን ጨው ከጣታቸው አራግፈው ገቡበት። እሳቸውም እንደሷ ግራ ተጋብተው እንደነበር ነገሯት። አስመራ ልጅ ሳሉ የአማርኛ አስተማሪያቸው ከመሃል አገር የመጡ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ኳስ ሲጫወቱ ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተ። አስተማሪዋ ከክፍል እየሮጡ ወጥተው «እኔን! እኔን!» እያሉ አቀፏቸው። የጋሼ አማርኛ ያኔ ገና ነው፤ «እኔን» ማለት ምን እንደሆነ ግን ተምረዋል፣ ተሳቢ ነው። ሴትዮዋ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እየወሰዱ መሰላቸው። ዳይሬክተሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያል። ጋሼ አስተማሪያቸው እንዳይቀጡባቸው ፈርተው፣ ደማቸውን እየጠረጉ፣ «አይደለም መምህርት፣ እርስዎ አይደሉም፣ ራሴ ነኝ የወደቅኩት» አሉ።

እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ልጄ አልሳቀችም። አስተማሪዋ ምን መለሱ አለቻቸው።

«የደረሰብህ እኔን ያግኘኝ ማለቴ ነው አሉኝ» አሉ ጋሼ። «አንተ ከምትፈነከት እኔ ልፈንከት። ሙሉው ይሄ ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ጫፉን ብቻ ይናገራል።»

ልጄ የያዘችውን ድንች ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ነገረችን። ከብስክሌት ስትወድቅ እኔን፣ ጣቷ በር ሲይዘው እኔን፣ ትኩሳት ሲይዛት እኔን። የተጎዳችው እሷ፣ የምጮኸው እኔ፤ ያውም ስለ ራሴ። እናቴ የኔን ሕመም ማየት አትችልም፣ ከራሷ ሌላ አይታያትም ብላ ነው ያደገችው። በእንግሊዝኛ ስታስበው ሌላ ምን ይሆናል? «ሚ! ሚ! ሚ!» ነው። ለቴራፒስቷ ሳይቀር ነግራታለች፤ ቴራፒስቷም እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ ብላ አጽናንታታለች።

እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ! እኔ የሰው ፊልም ላይ ስጮህ ለካ የራሴ ፊልም ስንት ዓመት ሲታይ ኖሯል። እኔም ከሥሬ ሰብታይትል ተጽፎልኝ፣ በማላውቃት ሴት ፊት ቀርቤ፣ ጥፋተኛ ተብዬ ወጥቻለሁ። ልቆጣ ብዬ አየኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ተውኩት።

«ሁልጊዜ እንደዚያ ማለትሽ ነበር?» አለችኝ።

«ሌላ ምን ትርጉም አለው?»

«ሆስፒታልም?»

«ሆስፒታልማ ይብሳል» አልኳት። «እዚያ አልጋ ላይ እኔን ያስተኛኝ ነው ያልኩሽ።»

ፊቷን በናፕኪን ሸፈነች። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ተራራውን ማየት ጀመሩ፤ ተራራው ላይ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። በርገር ቤቱ ልጆች ጠረጴዛ እስኪወለውሉ ድረስ እንዲያ ቆየን።

ከዚህ በኋላ ንዴቴ በረደልኝ ብላችሁ አታስቡ። ባሰብኝ እንጂ። ያ ፊልም በየአገሩ እየዞረ ነው፤ በየአገሩ አንዲት ሴት አሮጊት ገፍታ እንደተናዘዘች እየታየ ነው። ስንት የሰው ልጅ አይቶት እናቱን እንደሚጠረጥር ማን ያውቃል። ጋሼ ግን አክተሯ አልሞተችም፣ እሱ ይበቃል ይላሉ። አይበቃም አልኳቸው፤ ስሟ ጠፍቶ በሕይወት መኖር ምን ይረባል።

ልጄ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ሲያትልን አልተወችም፤ አትተወውም፣ እኔም ተዪው አላልኳትም። ቀጣዩ ማክሰኞ እንደ ልማዳችን ሲኒማ ቤት ተገናኘን። የዚያን ቀኑ ፊልም የጠፈር ነው፤ ሰዎቹ ሌላ ፕላኔት ድረስ ሄደው የሚያወሩት ስለ ተፋቱት ሚስቶቻቸው ነበር። ለዚህ ለዚህ ኦሮራ ምን አነሳት? ይሄን እየተናገርኩ፣ መብራቱ ገና በወጉ ሳይበራ፣ ደረጃውን ስወርድ አንዱን እርከን ሳትኩት። በጉልበቴ ተንበረከክኩ፣ ያችው ጠረጴዛ የመታት ጉልበቴ ናት።

ልጄ ከኋላዬ ነበረች። ዘላ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔን» አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደነገጥኩ። እኛ ከአፋችን ሲያመልጠን ነው የምንለው፤ እናታችን ስትል ሰምተን፣ ሳናስበው። እሷ ግን ትርጉሙን ከሰማች ገና ሳምንቷ ነው። አውቃ፣ ቆጥራ ነው ያለችው፤ የኔ ሕመም ተነስቶ እሷ ላይ እንዲያርፍ፣ በዚያ በተቀደደ ሆዷ ላይ። በሕይወቴ ሙሉ ስለው የኖርኩት ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ከልጄ አፍ ስሰማው ነው።

«እግዜር አይስማሽ!» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ሰው ዙሪያችንን እየዞረ ይወርዳል፤ ጋሼ ከላይ ቆመው ምርኩዛቸውን ይዘው ይጠብቁናል።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«አንቺን በይ» አልኳት። «ትንሽ ሳለሽ እንዳልሽው።»